ጢስ ዓባይን ዞሮ ማየት፦ ከልጆች ጋር የግማሽ ቀን የእግር መንገድ

የድሮዋ የወረቀት አንድ ብር ቤታችሁ ካለች አውጧትና ገልብጧት። በጀርባዋ ላይ ያለው ፏፏቴ ጢስ ዓባይ ነው። አብዛኞቻችን ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያየነው እዚያች ብር ላይ ነው፤ ዳቦ ልንገዛበት ተልከን፣ በእጃችን ጨብጠናት። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ባሕር ዳር ሲደርስ «ፏፏቴውን ሳናይማ አንመለስም» ይላል። መኪና ይከራያል፣ ከሩቅ የሚያሳየው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባል። ወሩ መጋቢት ከሆነ ደግሞ ከኋላ ወንበር «ይኼው ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው፤ በነሐሴ የተነሣ ፎቶ ለመጋቢት ጉዞ መሸጫ እንደሚሆን ከማንም በላይ አውቃለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን ፎቶውን ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ መንገዱ ነው። ጢስ ዓባይን ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ካያችሁት የውሃው መጠን ዕድል ነው። ዙሪያውን በእግራችሁ ከዞራችሁት ግን ውሃው ብዙም ይሁን ትንሽ፣ ልጆቻችሁ ሲያወሩት የሚኖሩት ግማሽ ቀን ታገኛላችሁ።

ውሃውን ከዱርቤቴ ጀምሮ መከተል

የተወለድኩት ዱርቤቴ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና የምትመጡ ከሆነ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፋችሁ ዱርቤቴን ታገኟታላችሁ። የደቡብ አቸፈር ዋና ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ ቡና ጠጥቶ ያልፋታል፤ አልቀየምም፣ ቡናው ጥሩ ነው።

ልጆቹን ግን እዚህ ጋ ከስልካቸው ቀና አድርጓቸው። ከዱርቤቴ ወደ መርዓዊ ስትሄዱ ወተት ዓባይ የምትባል ከተማ ላይ አንድ ወንዝ በድልድይ ትሻገራላችሁ። ግልገል ዓባይ ነው። የሚነሣው ከምዕራብ ጎጃሙ ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ከዚያ ወርዶ በዚህ ድልድይ ሥር ያልፍና ጣና ይገባል። ከጣና ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ታላቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ባሕር ዳርን ካለፈ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ነው ጢስ ዓባይ ላይ የሚወድቀው። «ይህን ውሃ ነገ ከገደል ሲወድቅ እናየዋለን» በሏቸው። ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ ባሕር ዳር እስክንደርስ ድረስ በየድልድዩ «ይኼስ የእኛው ነው?» እያለች ስትጠይቅ ነበር።

መቼ ይሻላል?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ውሃው እየሞላ ነው፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ወንዙ ሲበረታ ጀልባውም ላይሠራ ይችላል። ከጥር በኋላ መንገዱ ደረቅና ምቹ ነው፤ ውሃው ግን ይሳሳል። የእኔ ምርጫ ከመስቀል እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሙሉ ነው፤ አደይ አበባው አለ፣ እህሉ ማሳ ላይ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ጊዜ በመስከረም ሄጄ ነበር፤ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ስመለስ ጋቢዬ እንደታጠበ ልብስ የሚጨመቅ ነበር። ኅዳር ላይ ውሃው ይቀንሳል፣ ግን ጀልባውም መንገዱም እሺ ይላል። ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ኅዳርን እመክራለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር በስልክ አጣሩ። አንደኛው የመንገዱ ሰላም ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ወይም የምታርፉበት ሆቴል ይነግራችኋል። ሁለተኛው የውሃው ሁኔታ ነው፤ ውሃው ከቀን ቀን ይለያያል። ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ከባሕር ዳር በጠዋት ተነሡ። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጢስ ዓባይ ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ ቲኬት ትቆርጣላችሁ፤ አስጎብኚም የምታገኙት እዚያው ነው። አስጎብኚ መያዝ ገንዘብ ማባከን የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከልጅ ጋር ናችሁና ያዙ። ዳገቱ ላይ ትንሿን ልጅ እሽኮኮ የሚላት እሱ ነው።

በድልድዩ ገብቶ በጀልባ መውጣት

ዙሩን ከሁለቱም በኩል መጀመር ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ በድልድዩ በኩል እንድትጀምሩ እላለሁ። ዳገቱና ድንጋዩ ያለው በዚያ በኩል ነው፤ ጠዋት ሳይሞቅ፣ ልጆቹ ጉልበት ሳይጨርሱ ይለፍላችሁ። ሜዳውና ጀልባው ለመመለሻ ይቆያችሁ። ልጅ ሲደክመው ጀልባ ከፊቱ እንዳለ ካወቀ ይራመዳል።

ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ በድንጋያማ ቁልቁለት ጥቂት ስትሄዱ አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ታገኛላችሁ። የአካባቢው ሰው አጋም ድልድይ ይለዋል፤ የፖርቹጋል ድልድይም ይባላል። የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ወደ 400 ዓመት ሊሆነው ነው ማለት ነው። አስጎብኚዎች ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የተሠራው ይላሉ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ስንት እንቁላል እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የእኔዎቹ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲገምቱ ቆዩ። ያ ሁሉ ዓባይ እዚህ ጋ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ በእጅ ይያዝ። ድልድዩ የቱሪስት ብቻ አይደለም፤ ገበያ ቀን ከሆነ አህያ፣ ጌሾ የተሸከመች ሴት፣ ዶሮ የያዘ ልጅ ይመጣልና ጠርዙን ሳይሆን መሐሉን ልቀቁላቸው።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። የጭንጫ ዳገት፣ መካከለኛ። ግራና ቀኙ የገበሬ ማሳ፣ ጎጆና የጫት ተክል ነው። በየጥላው ሥር ጋቢ፣ ሻሽ፣ በቅል የተሠራ ዕቃ የሚሸጡ ሴቶችና ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። ይከተሏችኋል፤ «ስትመለሱ» ብትሏቸው ዙረቱ በሌላ በኩል እንደሚወጣ ከእናንተ በላይ ያውቃሉና አያምኗችሁም። ከፈለጋችሁ ያኔውኑ ግዙ፣ ካልፈለጋችሁ በግልጽ «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉ። ልጃችሁ ከአንዷ እኩያው ጋር ሲያወራ ካያችሁ አታስቸኩሉት። የእኔ የሰባት ዓመት ልጅ ከአንዲት ቅል ሻጭ ጋር የክፍል ደረጃ ሲያወዳድሩ ሁለቱም ሁለተኛ ክፍል ሆነው ተገኙ። ልጅቷ ከሰዓት ፈረቃ ነች፤ ጠዋት እዚህ ትሸጣለች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እማማ ትልካት ነው ወይስ ራሷ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር።

ዳገቱ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ፏፏቴው ከገደል ማዶ ፊት ለፊት ይታያል። ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር፣ ከፍታው 45 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነች ጢሱ ላይ ቀስተ ደመና ታያላችሁ። መኪና ይዘው የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚመለሱት።

«ውሃው የት ሄደ?»

እኛ የሄድነው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነበር። ውሃው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይወርዳል፤ በመካከሉ ጥቁር ቋጥኝ አለ፤ ሣር የበቀለበትም አለ። ቆንጆ ነው፣ ግን ብሩ ላይ ያለው አይደለም። ልጄ ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ «ውሃው የት ሄደ?» አለች። ልጆቻችሁ ይጠይቋችኋልና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ውሃው መብራት ለመሥራት ሄደ። ከፏፏቴው በላይ ወንዙ በቦይ ተጠልፎ ወደ ኃይል ማመንጫ ይገባና ከፏፏቴው በታች ይመለሳል። የመጀመሪያው ጣቢያ፣ ጢስ ዓባይ አንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፣ ፏፏቴውንም ብዙ አልጎዳውም። በ1996 ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በበር ነው የሚለቀቀው። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት መጣ፤ ያኔ ፏፏቴው በእርግጥ ሳሳ።

በ2010 ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ይኼኛው የእኔን አገር ይነካል። የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋ ዋት ነው፣ ከሁለቱ ጢስ ዓባዮች ድምር አምስት እጥፍ ይበልጣል። ለእሱ የሚሆነው ውሃ ከጣና ምዕራብ ዳርቻ፣ ከሰሜን አቸፈሯ ኩንዝላ አቅራቢያ ተጠልፎ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል። ቀድሞ በጢስ ዓባይ ይወድቅ የነበረው ውሃ ከፊሉ ዛሬ በአቸፈር መሬት ሥር ያልፋል ማለት ነው። ዱርቤቴ ተወልዶ ፏፏቴው ፊት ለፊት ቆሞ ይህን ለልጅ ማስረዳት እንግዳ ስሜት አለው።

ለልጄ እጄን ዘርግቼ በሁለት ጣቴ አሳየኋት። አንደኛው ጣት በጢስ ዓባይ በኩል የሚዞረው ዓባይ፣ ሁለተኛው በበለስ በኩል የሚሄደው። በለስም ወርዶ ወርዶ ከህዳሴው ግድብ በላይ ተመልሶ ከዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም ጉባ ላይ አንድ ይሆናሉ። ውሃው አልጠፋም፣ መንገድ ቀየረ። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ በኩል ቢለቁትስ?» አለች። አስጎብኚያችን ሳቀና «እኛም እንደዚያው ነው የምንለው» አላት።

መሳቁ ደስ ይላል፣ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ውሃ በሳሳ ቁጥር ጎብኚ ይቀንሳል። ጎብኚ ሲቀንስ ቲኬት ቆራጩ፣ አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ጋቢ ሻጯ፣ ቅል የምትሸጠው ልጅ ሁሉም ይጎድልባቸዋል። እኔ ከሥራዬ ልምድ ተነሥቼ የምለው ነገር ቢኖር ጢስ ዓባይን እንደ ፏፏቴ ብቻ መሸጥ ይብቃ ነው። ድልድዩ፣ ገጠሩ፣ ተንጠልጣዩ ድልድይ፣ ጀልባው፣ እነዚህ ውሃ ሲቀንስ አብረው አይቀንሱም። ሰው ዙረቱን ሊዞር ከመጣ፣ መጋቢትም ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው ግማሽ

ከማያው ቦታ ወደፊት ከቀጠላችሁ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና አላታ የሚባለውን ወንዝ በብረት ገመድ በተንጠለጠለ ድልድይ ትሻገራላችሁ። የልጆች ነገር እዚህ ላይ ነው የሚበቃው! ትንሽ ይወዛወዛል። በአንዴ ብዙ ሰው አይግባ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ልጅ ከመሐል። ሆን ብሎ የሚያወዛውዘው ወንድ ልጅ በየቤተሰቡ አለና ከፊት አስቀድሙት።

ከዚያ በኋላ ወደ ፏፏቴው ሥር መቅረብ ይቻላል። ውሃው ሙሉ ሲሆን ፍንጣቂው ከሩቅ ያረጥባችኋል፤ ስልካችሁን በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ድንጋዩ አልጌ ስላለው ያንሸራትታል፤ ከውሃው ዳር ጥቂት እርምጃ ራቁ። ዋና የለም፤ ልጆቹ የፈለጉትን ያህል ቢለምኑም የለም።

ከፏፏቴው ሥር ወጥታችሁ ወደ ላይኛው ሜዳ ስትደርሱ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ገደልና ድንጋይ ያበቃና ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ፣ የሚግጥ ከብት፣ የሚሯሯጥ እረኛ ይመጣል። ዓባይም ከመውደቁ በፊት ዝም ብሎ የተኛ ወንዝ ይመስላል። ልጆቹን እዚህ ልቀቋቸው፤ ከወንዙ ዳር ብቻ ይራቁ።

እናቴን ያገኘናት እዚህ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ጠዋት ከእኛ ተለይታ ከአጎቴ ልጅ ጋር በጀልባው በኩል ተሻግራ ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ አያት ወይም ጨቅላ ያለበት ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጎልማሳው በድልድይ፣ የደከመው በጀልባ ሄዶ ሜዳው ላይ መገናኘት ይችላል። በዚያ በኩል መንገዱ ሜዳ ነው፤ ፏፏቴው አናት ድረስ ብዙ አያስሄድም።

እናቴ ከአንዲት ቡና አፍይ ጋር ተቀምጣ ሁለተኛውን ሲኒ ጀምራለች። አስጎብኚው «እማማ፣ ፏፏቴውን አዩት?» አላት።

«አየሁት ልጄ። ያኔ ለሠርግ ስንመጣ ድምፁን ሰምተን ነበር የምንደርሰው። ጢሱን ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማዶ ነበር የምናየው» አለች፣ በእጇ ወደ ኮረብታው እያሳየች።

«አሁን ቀንሷል፣ እማማ። መብራቱ ወሰደው።»

«እኔ ልጆቼን በኩራዝ ነው ያሳደግሁ። ይኼ አጠገብህ የቆመው በኩራዝ ነው ፊደል የቆጠረው» አለች ወደ እኔ አገጯን ቀና አድርጋ። «መብራቱን እንዴት ጠላሁ ልበል? ግን ይኼንንም እንዲህ ሆኖ ማየቴ ይከፋኛል።» ከዚያ ሲኒዋን ወደ ቡና አፍይዋ አቀረበች። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ሁለቱን ጣቶቿን ዘርግታ ስለ በለስ ታስረዳት ጀመር፤ አያቷም እንደ አዲስ ነገር ሰማቻት፣ ምንም እንኳ ኩንዝላ የአክስቷ አገር ቢሆን።

ጀልባውና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች

የጀልባው ማቋረጫ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ለልጆች የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ፤ ሰው ከበዛ የሚቀጥለውን ጠብቁ። ከተሻገራችሁ በኋላ ወደ ከተማው ተራምዳችሁ መነሻችሁ ትደርሳላችሁ። እየቆማችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ ከልጆች ጋር ሙሉው ዙር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ውሃው በርትቶ ጀልባው ካልሠራ በመጣችሁበት በድልድዩ በኩል ትመለሳላችሁ፤ ስለዚህ ጠዋት ላይ ከመነሣታችሁ በፊት «ጀልባው ዛሬ አለ?» ብላችሁ አረጋግጡ፣ የልጆቻችሁን ጉልበት በዚያ መጠን ቁጠቡ።

የሚያዘው ብዙ አይደለም። ሶሉ የሚይዝ ጫማ፤ ክፍት ጫማ ድንጋዩ ላይ ያስቸግራል። ኮፍያ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ውሃ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ዝርዝር ብር መያዝ አትርሱ፤ ቡና አፍይዋና ጀልባው ለትልቅ ኖት መልስ የላቸውም። ምሳ ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ዓሣ ብትበሉ ይሻላል፤ ለመንገዱ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። የፕላስቲክ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሜዳው ላይ የሚግጠው ከብት የሰው ነው።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና የምትመለሱ ከሆነ ባሕር ዳር አድራችሁ በማግስቱ ጠዋት ተነሡ። መርዓዊን አልፋችሁ ወተት ዓባይ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ልጆቹ ራሳቸው ያስቆሟችኋል። ቀጥላ ዱርቤቴ ናት፤ ቡናው ከመናኸሪያው ማዶ ያለችው ቤት ይሻላል።